የማንጎው ጠረጴዛና የሞተው ማሽን

ከሥራ ዘመኔ ብዙውን ያሳለፍኩት ኮምፒውተር ሆኜ ነው። ኮምፒውተር ላይ አላልኩም፤ ራሴ ኮምፒውተር ሆኜ። ፊቴ ማንጎ ይደረደራል፣ አንድ ተማሪ ከጎኔ ይቆማል፣ እኔም እሱ ያዘዘኝን ብቻ አደርጋለሁ። አንሺ ካለኝ አነሣለሁ። አስቀምጪ እስኪለኝ ድረስ ክንዴ እየዛለ ይዤ እቆማለሁ። ልጁ እኔን ረስቶ ወረቀቱ ላይ ሲጽፍና ሲሰርዝ ማንጎ ይዤ የቆምኩበት ጊዜ ቢደመር፣ ለጡረታዬ የሚታሰብ ተጨማሪ አገልግሎት ይወጣው ነበር።

ባለፈው ዓመት ጡረታ ስወጣ ባልደረቦቼ የጨንቻ ቡልኮ አለበሱኝ። ቡልኮ በአርባ ምንጭ ሙቀት ምን እንደሚመስል የለበሰ ያውቀዋል፤ ንግግሩ እስኪያልቅ በላብ ተጠመቅኩ። «እንግዲህ አረፍሽ» አሉኝ። የት ተገኝቶ። ሴቻ ሰፈር ካለው ቤቴ ደጃፍ ቅዳሜና እሑድ ወላጅ አይጠፋም። ጥያቄው ሁልጊዜ አንድ ነው፤ «ልጄ ኮምፒውተር ሳይንስ ቢገባ ይሻለዋል ወይስ ኮምፒውተር ኢንጂነሪንግ?» ዘንድሮ ደግሞ «አሁን ስልኩ ራሱ ፕሮግራም ይጽፋል አሉ፣ ለመሆኑ ሥራ ይኖረዋል ወይ?» የሚል ተጨምሮበታል። ለዚህኛው መልስ የለኝም። ለፊተኛው ግን አንድ ሰው ያስተማሩኝ መልስ ነበረኝ፤ በኋላ አንድ አባት መጥተው አናወጡብኝ። የምጽፈው ስለ ሁለቱ ነው።

ተወልጄ ያደግኩት እዚሁ አርባ ምንጭ፣ ሲቀላ ሰፈር ነው። አባቴ ከጎጃም ተመድቦ የመጣ የመንግሥት ሠራተኛ ነበር፤ ለጥቂት ጊዜ ብሎ መጥቶ ዕድሜውን እዚሁ ጨረሰ። እኔ በሒሳብ ዲፕሎማ ይዤ፣ አዲስ አበባ አጭር የኮምፒውተር ሥልጠና ወስጄ ተመለስኩና እዚሁ ከተማ በአንድ ከፍተኛ ትምህርት ተቋም የኮምፒውተር ላብ ቴክኒሻን ሆኜ ተቀጠርኩ። ደመወዙ ስለ ደመወዝ ለማውራት የሚበቃ አልነበረም። ተማሪዎቹ «ቲቸር» ይሉኝ ነበር። ቲቸር አይደለሁም፣ አስናቀች ነኝ ብል ማን ሰምቶኝ፤ ውሎ አድሮ እኔም ቲቸር ሲሉኝ ዞር ማለት ለመድኩ።

የላቡ ኃላፊ ጋሼ አንጁሎ ነበሩ። የጨንቻ ሰው ናቸው፤ በወጣትነታቸው የቸርቻቸውን ድምፅ ማጉያ ሲጠግኑ ነው ሙያውን የጀመሩት። ማሽን ከመክፈታቸው በፊት አራስ ቤት እንደሚገባ ሰው እጃቸውን በሳሙና ይታጠባሉ። የፈቷቸውን ብሎኖች በእንቁላል ካርቶን ውስጥ፣ በፈቱበት ቅደም ተከተል፣ አንድ በአንድ ያስቀምጣሉ። ሲገጥሙ ከመጨረሻው ጀምረው ወደ ኋላ ይመለሳሉ፤ አንድ ብሎን ተርፏቸው አላየሁም። ፓወር ሳፕላይ ከመለካታቸው በፊት ያሸቱታል። እኔንም አፍንጫዬን አስጠግተው አስተማሩኝ፤ የተቃጠለ ኮንደንሰር የዓሣ ዓይነት ሽታ አለው፣ የተቃጠለ ሽቦ ግን ሌላ ነው።

ሰኞ ሰኞ የማሽኖቹን ሽፋን ሁሉ እንከፍት ነበር። የአርባ ምንጭን ሙቀት የሚወደው ሰው ብቻ አይደለም። ከአንዱ ውስጥ እንሽላሊት ከነቤተሰቡ ይወጣል፤ ከሌላው የጉንዳን እንቁላል በማንኪያ ይታፈሳል። ጋሼ አንጁሎ ለእንሽላሊቶቹ ይጠነቀቁላቸው ነበር፤ በካርቶን አድርገው ደጅ ይለቋቸዋል፣ በሳምንቱ ተመልሰው ይመጣሉ። አንድ ጊዜ ዝንጀሮ በመስኮት ገብቶ ኪቦርድ ይዞ ሲወጣ እንኳ ፈገግ ብለው «ከተማሪዎቻችን ይልቅ ይህኛው መምረጡን አውቆበታል፣ ምንም አልተቸገረም» አሉ።

ተማሪ መጥቶ «ተበላሽቷል» ሲላቸው አይነሡም። «ምን እያደረገ ነው? ምን እያላደረገ ነው?» ብለው ይጠይቃሉ። ልጁ ሁለቱን ለይቶ እስኪናገር ይጠብቃሉ፤ ብዙ ጊዜም ልጁ ሲናገር ጥፋቱን ራሱ ያገኘዋል። ሲቆጡ ድምፃቸው ይበልጥ ይለሰልሳል፤ «ጌታ ይባርክህ» ይላሉ። በዚያ ድምፅ የተባረከ ተማሪ ሁለተኛ ላብ ውስጥ ጁስ ይዞ አይገባም።

የምርጫ ሰሞን ሲደርስ ሥራችን መልኩን ይቀይራል። ተማሪዎቹ የመጀመሪያውን ዓመት ጨርሰው ዲፓርትመንት ሊመርጡ ሲሉ የላቡ በር ላይ ይሰለፋሉ። ስለ ሁለቱ ትምህርት የሚያውቁት በጣም ትንሽ ነበር። ዐዋቂ የሚባለው ልጅ «አንዱ አራት ዓመት ነው፣ አንዱ አምስት» ይለናል። እውነቱን ለመናገር ልዩነቱን በአፍ ማስረዳት ለእኛም ቀላል አልነበረም። ኢንጂነሪንጉ የሚጀምረው ከኤሌክትሪኩ ነው፤ ሰርኪውት አለው፣ ፊዚክስ አለው፣ ማሽኑ ከምን እንደተሠራና ለምን እንደሚሞቅ ያስጨንቀዋል። ሳይንሱ ማሽኑን እንዳለ ተቀብሎ ምን ብናዘው ምን ያደርጋል ይላል፤ ጭንቁ አስተሳሰቡ ነው። መሐል ላይ ደግሞ ሁለቱም ፕሮግራም ይጽፋሉ፤ ቢሮ ውስጥ ጎን ለጎን ተቀምጠው አንድ ሥራ ሲሠሩም ታገኟቸዋላችሁ። አንዱ መምህር «ኢንጂነሩ የሽመና ዕቃውን ይሠራል፣ ሳይንቲስቱ ይሸምናል» እያለ ያስረዳ ነበር። ጋሼ አንጁሎ ይህን አይወዱትም። አባታቸው ሸማኔ ነበሩ። «ለአባቴ የሽመና ዕቃውን ማን ሠራለት? ራሱ አይደል?» ይላሉ።

ስለዚህ ማስረዳቱን ትተው ሁለት ጠረጴዛ አዘጋጁ። አንዱ ላይ ሽፋኑ የወለቀ የሞተ ማሽን፣ ካቻቢቴ፣ መለኪያና የእንቁላሉ ካርቶን ይቀመጣል። ሌላው ላይ ትልቅ ትንሹ የተደባለቀ ማንጎ ይደረደራል፤ ከማንጎው ኋላ እኔ እቆማለሁ። ሕጉ ይህ ነው፤ እኔ ማየት አልችልም፣ ሁለት ማንጎ በሁለት እጄ ይዤ የቱ እንደሚከብድ ብቻ እለያለሁ። ተማሪው ትእዛዝ እየሰጠኝ ማንጎዎቹን ከቀላሉ ወደ ከባዱ ማሰለፍ አለበት። መጀመሪያ ሁሉም ያፍራሉ። በእናታቸው ዕድሜ ያለችን ሴት «አንሺ፣ አስቀምጪ» ማለት ይከብዳቸዋል፤ «ይቅርታ ቲቸር፣ ካላስቸገርኩዎት ያንን ያንሡልኝ» ይላሉ። ጋሼ አንጁሎም «ያንን የሚባል ነገር አታውቅም፣ ቁጥር ስጣት» ይላሉ።

አንድ ልጅ ትእዛዙን ጥሩ አድርጎ ጻፈና መቼ እንደማቆም መንገር ረሳ። ማንጎው ተሰልፎ ካለቀ በኋላ እንደገና ከመጀመሪያው እየያዝኩ መመዘኔን ቀጠልኩ። እሱ ይስቃል፣ እኔ እመዝናለሁ። ሳቁ አለቀና ላብ አጠመቀው፣ እኔ እመዝናለሁ። ጋሼ አንጁሎ የሳቅ ዕንባቸውን በመሐረብ ይጠርጉ ነበር። በመጨረሻ «ቲቸር በእግዚአብሔር» አለኝ። «እሱም ትእዛዝ አይደለም» አሉት። ያ ልጅ ዛሬ ዶክተር ሆኗል።

ጋሼ አንጁሎ የሚያዩት ማን እንደቻለ አልነበረም። ሁለቱንም ጠረጴዛ ካስሞከሩ በኋላ ያሰናብቷቸዋል፤ ከዚያ ማን ሳይጠራ ተመልሶ እንደሚመጣና ወደ የትኛው ጠረጴዛ እንደሚሄድ ይጠብቃሉ። ከምዕራብ ዓባያ የመጣች ሰላማዊት የምትባል ልጅ ማንጎው ጋ አዛጋች። በማግስቱ ግን ከእኛ ቀድማ በሩ ላይ ተገኘች፤ የሞተውን ማሽን አሽትታ «ይሄ እኮ እዚህ ጋ ነው» ስትል ጣቷ ትክክለኛው ቦታ ላይ ነበር። «ኢንጂነሪንግ» አሉ ጋሼ አንጁሎ፤ ሌላ አልተናገሩም። ዛሬ ሐዋሳ የሆስፒታል መሣሪያዎች ትጠግናለች፤ በዓል በመጣ ቁጥር ትደውልልኛለች።

ያስቸግረን የነበረው ማዕረጉ ነው። ኢንጂነሪንግ የጨረሰ ኢንጂነር እገሌ ይባላል። የሠርግ ካርድ ላይ ይጻፋል፣ ቸርች ውስጥ ማስታወቂያ ሲነገር ይነገራል፣ አማት ለጎረቤት ታወራዋለች። ኮምፒውተር ሳይንቲስት እገሌ ብሎ ካርድ የሚያሳትም ግን አላጋጠመኝም። ወላጅ ይህን ያውቃል። «ስም ከመቃብር በላይ ይውላል» ይሉናል። እኛም በልባችን እንስቅ ነበር። እኔ በተለይ እስቅ ነበር።

ሳቁን የቀማን ማቴዎስ ነው። ጫሞ ሐይቅ ዳር ዓሣ ከሚያሰግር ቤተሰብ የመጣ ዝምተኛ ልጅ። እንደሱ ያለ ማንጎ አሰላፊ አላየሁም። ሳይጠራ መጣ፤ በሦስተኛው ቀን ማንጎውን ለሁለት ከፍሎ፣ እያንዳንዱን ክምር ለየብቻ አሰልፎ፣ ከዚያ እንደገና አንድ ላይ አዋሕዶ ሥራዬን በግማሽ አቀለለልኝ። እንዲህ ዓይነቱን ዘዴ መጽሐፍ ውስጥ በስሙ ያስተምሩታል፤ እሱ ግን ከራሱ አወጣው። የሚያስተምረው አጎቱ ነበር፤ አጎትየው «ኢንጂነር ካልሆነ አንድ ብር አላወጣም» አለ። ጋሼ አንጁሎ እስከ ጫሞ ወርደው ለመኑት፤ ቢመክሩት ቢመክሩት አልሰማ አለ። ልጁ ኢንጂነሪንግ ገባ። ሰርኪውቱን እንደምንም ተሻገረ። ፊዚክሱ እየከበደ ሲመጣ ግን ክፍል ውስጥ መቀመጥ አቃተው፤ ወደ ላብ መምጣትም ተወ፤ በሦስተኛው ዓመት ተባረረ። ዕቃውን ይዞ ሲወጣ በራችን አጠገብ አለፈ፤ ቀና ብሎ አላየንም።

ከሥራዬ ሁሉ እንደዚያ የቆጨኝ ነገር የለም። ልጁን ማን እንደሆነ ዐውቀን፣ ተናግረን፣ የሚሰማን አጥተን ቀረን። ማቴዎስ ከጫሞ ወደ ከተማ ዓሣ በፒካፕ ማመላለስ ጀመረ። ጋሼ አንጁሎ ዓሣ ሲበሉ ሰውነታቸውን ያሳክካቸዋል፤ ሆኖም በየቅዳሜው ወርደው ከማቴዎስ ዓሣ ይገዙ ነበር። ገዝተው ለእኔ ይሰጡኛል። «ምን አሉት?» ስላቸው «እንደምን አደርክ አልኩት፣ ደህና አለኝ» ይላሉ። ይህን ለዓመታት አደረጉ። ጡረታ ወጥተው ወደ ጨንቻ ሲመለሱ «አስኑ፣ ጠረጴዛዎቹን አትተዪ። ቅዳሜም ወረድ በይ» አሉኝ። ጠረጴዛዎቹንም አልተውኩም፣ ቅዳሜም ወረድኩ።

ብቻዬን በቀረሁ በስንተኛው ዓመት እንደሆነ እንጃ፣ ትግሥት መጣች። አገሯ ከገረሴ ወጣ ያለ የደጋ መንደር ነው። ቀጭን፣ ሹራብ በሙቀት የማታወልቅ፣ ሰው ሲናገር ዓይን ዓይኑን የምታይ ልጅ። ማንጎው ጠረጴዛ ላይ ስታዘኝ ድምፅዋ ከጉሮሮዋ አይወጣም ነበር፤ ትእዛዞቿ ግን አንድም ትርፍ ቃል አልነበራቸውም። በማግስቱ ሳትጠራ መጣች። በሦስተኛው ቀን ገና ጫማዬን ሳልቀይር ማንጎዎቹን ደርድራ ጠበቀችኝ። «ቲቸር፣ ትናንት ካደረግነው ያነሰ መንገድ አለ» አለችኝ። ማቴዎስ ትዝ አለኝ። የሞተውን ማሽን ዞር ብላም አላየችውም።

«ኮምፒውተር ሳይንስ ነው የምትሞዪው» አልኳት።

«አባቴ ኢንጂነሪንግ ነው የሚለው።»

«አባትሽን ጥሪልኝ።»

አባቷ አቶ ዳና ምርጫው ሊዘጋ ጥቂት ቀን ሲቀረው ከገረሴ መጡ። ረጅም፣ ኮታቸው በትከሻቸው የሰፋ፣ ባርኔጣቸውን በእጃቸው ይዘው የሚናገሩ ሰው ናቸው። አማርኛቸው የደጋ ጋሞ አማርኛ ነው፤ ሴቱንም ወንዱንም በአንድ ያስኬዱታል። ሙቀቱ አድክሟቸው ስለነበር በራሴ ብርጭቆ ውኃ ቀዳሁላቸው። ብርጭቆውን አዩት፣ እኔን አዩኝ፣ ዙሪያውን ሌላ ነገር የሚፈልጉ መሰሉ። የተጠጣበት መስሏቸው ነው ብዬ አጥቤ አመጣሁላቸው። ያዙት እንጂ አልጠጡም።

«ልጄ ጎበዝ ነው አሉኝ» አሉ።

«ጎበዝ ናት አቶ ዳና። ግን ቦታዋ ኮምፒውተር ሳይንስ ነው።»

«እሱን ሲጨርስ ምን ተብሎ ይጠራል?»

«ምንም። ትግሥት ተብላ ትጠራለች።»

ባርኔጣቸውን በእጃቸው አዞሩ። እኔ በዚህ አላበቃሁም። የማቴዎስን ነገር ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ነገርኳቸው። ለስም ብሎ ልጅን መጉዳት ምን እንደሚያመጣ፣ አምስት ዓመት በማይወዱት ነገር ላይ መቀመጥ ምን እንደሆነ፣ ማዕረግ እንጀራ እንደማይሆን፣ ያለኝን ሁሉ አወጣሁ። ለአጎትየው ያልተነገረውም ሁሉ በአቶ ዳና ላይ ወረደ። እሳቸው እስክጨርስ ጠበቁ።

«ልጁ አሳዘነኝ» አሉ። ከዚያ ብርጭቆውን ከፍ አደረጉት። «ቲቸር፣ እኛ ሸክላ ሠሪ ነን። ሚስቴ ድስት ይሠራል፣ እናቴም ይሠራ ነበር።»

ያኔ ገባኝ። ለምን ብርጭቆውን እንዳዩት ገባኝ።

«ዱሮ እኛ በሌላ ዕቃ ነበር የምንጠጣው» አሉ። «አሁን ቀርቷል፣ ብዙ ነገር ቀርቷል። ቸርች አንድ አግዳሚ ላይ እንቀመጣለን፣ አብረን እንዘምራለን። የሚስቴ ድስት በየቤቱ አለ፣ ወጣቸውን በሱ ይሠራሉ። ግን ቤቴ ገብቶ የበላ ጎረቤት የለም። ሰው ሲሞትብን ይመጣሉ፣ አጥር ጋ ቆመው ያለቅሳሉ፣ ይሄዳሉ። ክፉ ሰዎች አይደሉም። እንደዚያ ሆኖ ነው የኖረው።»

የአባቴ አገር ሰዎችም ሸክላ ሠሪን ምን እንደሚሉት እያወቅኩ ነው ያደግኩት፤ ጋሞ ላይ ጣቴን የምቀስርበት መብት አልነበረኝም።

«አንድ ጊዜ መንገድ ሲሠራ ኢንጂነር መጣ» ብለው ቀጠሉ። «ልጅ ነው፣ ጢም የለውም። ኢንጂነር ተባለ፣ ሽማግሌው ሁሉ ተነሣ። ወንበር አመጡ፣ በየቤቱ አበሉት። የማን ልጅ ነህ፣ ወገንህ ምንድን ነው ብሎ የጠየቀ የለም። እኔ ቆሜ አየሁ። ያ ስም ፊት ሲሄድ ሌላውን ስም ማንም አይጠይቅም። ልጄ አይጎዳ ቲቸር፣ አይባረር። ግን ያንን ስም ፊቱ ላይ ላድርግለት ብዬ ነው።»

ውኃውን ጠጡት። እኔ ያንን ሁሉ ዓመት የሳቅኩበት ማዕረግ በአንድ ሰው ቤት ምን ማለት እንደሆነ ሲነግሩኝ ፊቴን የማደርግበት አጣሁ።

እንደሄዱ ለጋሼ አንጁሎ ስልክ ደወልኩ። ሁሉን ነገርኳቸው።

«የሰውየውን ነገር አውቀዋለሁ፣ አገሬ ነው» አሉ። «እኔ የተማሪውን እጅ ብቻ ነበር የማየው። ከኋላው ማን እንደቆመ የሚያሳይ ጠረጴዛ አልነበረኝም። ልጅቷን ጠይቂያት አስኑ። ለአባትየውም አትፍረጂ፣ ለማንጎውም አትፍረጂ።»

ጠየቅኳት። ትግሥት በዚያ ቀን ማንጎዎቹን አልነካችም፤ ከጠረጴዛው ማዶ ተቀመጠች።

«አባቴ ነገረዎት?»

«ነገሩኝ።»

«እኔ እንዲያውቁ አልፈለግኩም ነበር።» የሹራቧን እጅጌ እየጎተተች «ሳይንሱን እወደዋለሁ ቲቸር። ለምን እዋሻለሁ። ግን የተመረቅኩ ቀን እናቴ የምትሠራውን ምግብ ማን ይበላዋል?» አለች።

«የማቴዎስን ነገር ነግሬሻለሁ አይደል? እሱም ካንቺ አያንስም ነበር።»

«እሱን አጎቱ ነው ያስገባው። እኔ ራሴ ልግባ። አምስቱ ዓመት ለአባቴ ይሁን፣ ከዚያ በኋላ ያለው የእኔ ነው።»

ኢንጂነሪንግን አንደኛ አድርጋ ሞላች። እኔም ፈርቼ፣ ከልቤ ፈርቼ፣ የሞተውን ማሽን ጠረጴዛ ለእሷ ማስተማሪያ አደረግኩት። አልወደደችውም። የመበየጃ ካውያ ስትይዝ አይሆንላትም፤ ቀልጦ የሚበይደውን ስታኞ ከሚፈለገው ቦታ በቀር የትም ታንጠባጥበዋለች፤ የቀኝ እጇ ጣቶች በየሳምንቱ ፕላስተር ነበራቸው። ሰርኪውት ማለት ለእሷ የጠላት አገር ነው። መጨረሻ ላይ መንገዱን ያገኘነው በማንጎው ነው፤ እያንዳንዱን ሰርኪውት እንደ ትእዛዝ ዝርዝር አድርጋ በወረቀት ታወጣዋለች፣ ኤሌክትሪኩን «አሁን ወዴት ይሂድ?» እያለች ታዘዋለች። መምህሯ እንዲህ ዓይነት አሠራር አይቶ እንደማያውቅ ነገረኝ፤ መልሱ ግን ትክክል ነበር። ማቴዎስን የጣለው ፊዚክስ ላይ ስትደርስ እኔ ከእሷ ብሼ ክብደት ቀነስኩ። ውጤቱ ሲወጣ «ሲ» ይዛ መጣች። ለሲ እልል ያለች የላብ ቴክኒሻን እኔ የመጀመሪያዋ ሳልሆን አልቀርም፤ የጎረቤት ቢሮ ሰዎች ሠርግ መስሏቸው ብቅ ብለው አዩን።

ከእሷ በኋላ እስከ ጡረታዬ ድረስ የሚመጣውን ልጅ ወደ ጠረጴዛዎቹ ከማቅረቤ በፊት አስቀምጬ ስለ ቤቱ እጠይቀው ነበር። መልሱ ምርጫውን የሚቀይረው አልፎ አልፎ ነው። ግን ልጁ የሚሸከመውን ሳላውቅ ማንጎ ይዤ አልቆምም ነበር።

ትግሥት አሁን አዲስ አበባ ሆና ለሆስፒታሎች ፕሮግራም ትጽፋለች፤ ካውያ ከነካች ቆየች። ኮምፒውተር ሳይንስ ብትማር ኖሮም እዚያው ወንበር ላይ ትቀመጥ ነበር ይሆናል፣ ያውም አንድ ዓመት ቀድማ። ይህን የሚሉኝ አሉ፣ እውነታቸውን ነው። እነሱ ግን የድግሱ ቀን ገረሴ አልነበሩም።

ለምርቃቷ ተጠርቼ ሄድኩ። አቶ ዳና በሬ አርደዋል፤ ቆጮው፣ ድንቹ፣ ሥጋው ለመንደሩ ሁሉ ይበቃል። በቸርች በኩል ለሁሉም ጥሪ ተነግሯል። ቤቱ ውስጥ ያለነው ዘመዶቻቸው፣ ሁለት የትግሥት ጓደኞችና እኔ ብቻ ነበርን። ምግቡ ይሞቃል፣ ይቀዘቅዛል፣ እንደገና ይሞቃል። እናትየው በር በሩን ታያለች። ትግሥት ጥቁር ጋዋኗን እንደለበሰች ጥግ ላይ ተቀምጣ የካውያው ጠባሳ ያለበትን ጣቷን ትፈትግ ነበር። የሁላችንም ጆሮ ደጅ ነበር።

ኋላ ድምፅ ሰማን። ጎረቤቶቹ መጡና አጥሩ ጋ ቆሙ። ሴቶቹ ነጠላቸውን አጣፍተዋል፣ ወንዶቹ ባርኔጣቸውን አውልቀዋል። ከመካከላቸው አንድ ረጅም በትር የያዙ ሽማግሌ ነበሩ፤ ማሳቸው ከአቶ ዳና ማሳ ጋር የሚዋሰን፣ ዕድሜ ልካቸውን ጎረቤት የሆኑ ሰው።

«ኢንጂነር ትግሥት» ብለው ተጣሩ።

ወጣች። በጋምኛ መረቋት፤ ሌሎቹም አጥሩን ይዘው «አሜን» እያሉ ተቀበሉ። ምርቃቱ አለቀ። እንደወትሮው ከሆነ የሚሄዱት በዚህ ጊዜ ነው። ከኋላ ያሉት ጥቂቶች መዞር ጀምረው ነበር። ሽማግሌው ግን በትራቸውን አጥሩ ላይ አስደግፈው ወደ ቤቱ መጡ፤ በሩ ዝቅ ያለ ስለሆነ አንገታቸውን ደፍተው ገቡና ከእኔ አጠገብ ተቀመጡ። አምስት ስድስት ሰው ተከትሏቸው ገባ። የቀሩት አልገቡም፤ ይህንንም ልናገር፤ ቆመው አይተው ሄዱ።

እናትየው ምግቡን ስታቀርብ ትግሥት ሳህኑን ከሥር ደገፈችላት። ሽማግሌው ጸለዩ። ጎርሰው ማኘክ ጀመሩ። አቶ ዳና ሳህን በአንድ እጃቸው፣ ማንቆርቆሪያ በሌላው እጃቸው ይዘው ቤቱ መሐል ቆመው ቀሩ።

«ይቀመጡና ይብሉ እንጂ አቶ ዳና» አልኳቸው ቀስ ብዬ።

«ቆይ ቲቸር» አሉኝ፣ ዓይናቸውን ከሽማግሌው አፍ ሳያነሡ።

ሽማግሌው ሁለተኛውን ጎረሱ፣ ሦስተኛውን ጎረሱ። ከዚያ ቀና አሉና የገዛ ቤቱ እንደተቀመጠ ሰው ቅር ብሏቸው «ዳና፣ ለሥጋው ዳጣ የለም እንዴ?» አሉ።

አቶ ዳና የያዙትን ሁሉ እኔ ጭን ላይ ጥለው ወደ ጓዳ ሮጡ።